ምጥ ሳይመጣ እንነጋገር
(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቆማችሁ ያላችሁ ነፍሰ ጡሮች እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ወንድሜ፣ አዎ አንተ፣ ወንበሩን ለእህታችን ልቀቅላት። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልናገር። አዋላጅ ነኝ። የተማርኩት ጎንደር ነው። አምስት ዓመት ገጠር ጤና ጣቢያ አዋልጃለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ እንደገና ትምህርት ቤት ገብቼ አሁን የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆችም ወልጃለሁ። ስለዚህ ምጥን አልጋው አጠገብ ቆሜም፣ አልጋው ላይ ተኝቼም አይቼዋለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምጥ ሕመም ማስታገሻ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ሕመሙን፣ ከዚያ አማራጮቹን፣ በመጨረሻም እንዴት እንደምንጠይቅ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ታሪክ አለኝ።

ገጠር እያለሁ ነው። ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ነው የምንሠራው። አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ልጅ መጣች። እናቷ አብረዋት ነበሩ። ያን ጊዜ እኛ ጋ ቤተሰብ ወደ ማዋለጃ ክፍል አይገባም ነበርና እናትየው ውጭ አግዳሚ ላይ ቀሩ። ልጅቷ ትጮኻለች። እኔ ደግሞ ድካም ይዞኛል፣ ሌላ የምታምጥ እናትም አለችብኝ። «ዝም በይ፣ አቅምሽን ቆጥቢ» አልኳት። የጋውኔን ጫፍ ያዘች። «እህቴ፣ አትሂጂብኝ» አለችኝ። እጇን አስለቅቄ ሄድኩ። ስመለስ ነጠላዋን ነክሳ ዝም ብላለች።

በሰላም ወለደች። ጠዋት ገብቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ማርያምስ ማረችኝ፤ ሰው ግን አልነበረኝም» አለችኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ማደንዘዣ አልነበረኝም፣ እውነት ነው። ግን እናቷ ከበሩ ማዶ ነበሩ። በሩን መክፈት ምን ይጠይቀኝ ነበር? ምንም።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ሕመሙ ምንድን ነው? መጀመሪያ ላይ የሚያመው ማህፀኑ ሲኮማተርና የማህፀን በር ሲከፈት ነው። ይህ ሕመም የሆድ ግርጌንና ወገብን ይይዛል። መጣ፣ ከፍ አለ፣ ለቀቀ። ደግሞ መጣ። በመካከሉ እረፍት አለ፤ ይህን አስታውሱ፣ እረፍት አለ። ልጁ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ሕመሙ ይለወጣል። ይገፋል፣ ይወጥራል፣ ያቃጥላል። በሌላ ነርቭ በኩል የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የረዳሽ ነገር መጨረሻ ላይ ላይረዳሽ የሚችለው።

ፍርሃትና ብቸኝነት ደግሞ ሕመሙን ያብሱታል። የፈራ ሰው ጡንቻው ይጨመደዳል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ እረፍቱንም አያርፍበትም።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ብዙ እህቶች ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው ይጠይቁኛል። «ማስታገሻ ብወስድ ኃጢአት ነው? "በጭንቅ ትወልጃለሽ" ተብሎ የለ?» ይሉኛል። ይህን ጥያቄ አልንቅም። እኔም አስቤበታለሁ።

ጥያቄው ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የሚባል ሐኪም ለምታምጥ ሴት መጀመሪያ ኤተር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ክሎሮፎርም ሰጠ። ይህንኑ ጥቅስ ጠቅሰው ለሚቃወሙት መልስ ጻፈ። እሱም የመለሰው ከዘፍጥረት ነው። እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ሲወስድ መጀመሪያ ምን አደረገ? ከባድ እንቅልፍ ጣለበት! አስተኝቶት ነው ጎኑን የከፈተው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ክሎሮፎርም ወሰደች። የሰጣት ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ተቃውሞው እየቀነሰ ሄደ።

ሙስሊም እህቶቼም እዚህ አላችሁ። በቁርኣን ሱረቱ መርየም ላይ የዒሳ እናት መርየም ምጧ ሲይዛት ወደ ዘንባባ ግንድ ተጠጋች። «ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ» አለች። መርየም ናት እንዲህ ያለችው! ያን ጊዜ «ለምን አማረርሽ» አልተባለችም። አትዘኚ ተባለች፣ ከሥሯ ውሃ ፈሰሰላት፣ የሚበላ እሸት ተምር ወረደላት። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ነገር ግን በጭንቅ ላይ ያለች ሴት «አመመኝ» ስላለች መወቀስ የለባትም ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ አማራጮቹ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከመድኃኒት ውጭ ካለው ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ የትም ቦታ አለ። ጎጃም ገጠርም አለ፣ እዚህም አለ። ሰው ነው። አጠገቧ የሚቆይ ሰው። ከ15,000 በላይ እናቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው የመረመሩ ባለሙያዎች ምን አገኙ? ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ምጣቸው ያጥራል፣ ማስታገሻ የመፈለግ ዕድላቸው ይቀንሳል፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸውም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። ራሷ የመረጠችው። አማቷ የመረጡት አይደለም፣ ባሏም የመረጠው አይደለም።

እዚህ አገር ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሴቶች አሉ። ዱላ ይባላሉ። ስሙ በእኛ ቋንቋ ሌላ ነገር ስለሆነ እኔ የምጥ ጓደኛ ነው የምላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ መንግሥት የሚሸፍነው የጤና ዋስትና፣ ያላችሁ ስሙኝ፤ ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬይድ ለዚህ ይከፍላል። እናቷ አገር ቤት ለሆነች፣ ቪዛ ለተከለከለችባት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው መንቀሳቀስ ነው። ቁሚ፣ ተራመጂ፣ ተንበርከኪ፣ ወገብሽን አወዛውዢ። በጀርባሽ ተኝተሽ አትቅሪ። ሞቅ ያለ ሻወር ወገብ ላይ ሲወርድ፣ ገንዳም ካለ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ፣ ለብዙዎች እፎይታ ነው። ሙቅ ጨርቅም፣ ማሸትም እንደዚያው። ጉዳት የለውም፣ ሲሰለችሽ ትተዪዋለሽ። ግን ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሕመሙን አያጠፋም። ለአንዳንዷ ይበቃል፣ ለአንዳንዷ አይበቃም። አልበቃኝም ያለችው ደካማ ሆና አይደለም። የአንዷ ምጥ አራት ሰዓት ነው፣ የሌላዋ ሃያ ስምንት ሰዓት።

ወደ መድኃኒቶቹ ልለፍ። በጭንብል የሚሳብ ጋዝ አለ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፤ ለምጥ ሲሆን ግማሹ ኦክስጅን ነው። እንግሊዝ አገር እህት ያላችሁ ብትጠይቋት ታውቀዋለች፣ እዚያ በጣም የተለመደ ነው። እዚህ በሁሉም ሆስፒታል የለም። ጭንብሉን የምትይዢው አንቺ ራስሽ ነሽ። ምጡ ገና ሊመጣ ሲል፣ ጫፍ ከመድረሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀደም ብለሽ ትስቢያለሽ። ብዙ እናቶች ሲያማቸው ነው የሚስቡት፣ ያኔ ደግሞ ይዘገያል። ያዞራል፣ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ስትተዪው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነትሽ ይወጣል። ሕመሙን አያጠፋም፣ ራቅ ያደርገዋል።

ቀጥሎ መርፌ ነው፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ። አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ የምታውቁት ፔቲዲን ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ ፌንታኒል ወይም ሌላ ይሰጣል። ያደነዝዛል፣ ያስተኛል፣ በመካከሉ ያሳርፋል። ችግሩ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ልትወልጂ ጥቂት ሰዓት ሲቀርሽ ፔቲዲን ከተሰጠሽ ልጁ እንቅልፋም ሆኖ ሊወለድ፣ ትንፋሹ ሊዘገይ፣ ጡት ለመያዝም ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

አሁን ሁላችሁ የምትጠብቁት ጋ ደረስን። ኤፒዱራል፣ በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ማደንዘዣ።

እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያልታወቀ ነገር ነው የሚያስፈራው። አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጫለሽ። ትራስ ታቅፊያለሽ። አገጭሽን ወደ ደረትሽ አድርገሽ ጀርባሽን ወደ ኋላ ታጎብጪያለሽ፣ እንደተቆጣች ድመት። ነርሷ ከፊትሽ ቆማ ትከሻሽን ትይዛለች፤ እኔ ስሆን ግንባርሽን ደረቴ ላይ አስደግፍሻለሁ። ማደንዘዣ ሐኪሙ ጀርባሽን በፀረ ተሕዋስያን ሲጠርግ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ትንሽዋ መርፌ ቆዳውን ለማደንዘዝ ትገባለች። እሷ ናት እንደ ንብ የምትነድፈው። ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ ግፊት ነው። በመርፌው ውስጥ ከክር ብዙም የማይወፍር ለስላሳ ቱቦ ያስገባና መርፌውን ያወጣዋል። መርፌው ጀርባሽ ውስጥ አይቀርም! ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ መርፌው አይቀርም። ቱቦው ጀርባሽ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ከአስር እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ እግርሽ ይሞቅሻል፣ ከዚያ ሕመሙ ይቀላል። በእጅሽ የምትጫኚው ቁልፍም ይሰጥሻል፤ ሲያስፈልግሽ ትጨምሪያለሽ፣ ከመጠን በላይ ግን ማሽኑ አይሰጥም።

«ሽባ ያደርጋል» የሚለውስ? መርፌው የሚገባው በወገብ ታችኛው ክፍል ነው፤ በአዋቂ ሰው ዋናው የህብለ ሰረሰር ገመድ ከዚያ ከፍ ብሎ ያልቃል። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። «የወገብ በሽተኛ ያደርጋል» የሚለውስ? የወሰዱና ያልወሰዱ እናቶች ሲነጻጸሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የወገብ ሕመም ላይ ልዩነት አልተገኘም። የወገብ ሕመም በእርግዝናም፣ ልጅ በማዘልም ይመጣል። «ለኦፕራሲዮን ይዳርጋል» የሚለውስ? ጥናቶቹ ይህንንም አላገኙም።

ጉዳት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የደም ግፊት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለዚያ ነው በደም ሥርሽ ፈሳሽ የሚሰጥሽና ግፊትሽ ቶሎ ቶሎ የሚለካው። ሊያሳክክሽ ይችላል። ሊያተኩስሽ ይችላል። ሽንት ስለማይታወቅሽ በቱቦ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአልጋ አትወርጂም። ማማጡ ይረዝማል። ከመቶ እናቶች አንዷን ያህል ከወለደች በኋላ ስትቀመጥ የሚብስ ከባድ ራስ ምታት ይይዛታል። ይህ ራስ ምታት ሕክምና አለው፣ ቤት ውስጥ ተኝታችሁ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያላችሁ አትሰቃዩ። ከስምንት እናቶች ደግሞ አንዷን ያህል በደንብ አይሠራላትም። የደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ወይም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትሽ ያነሰ ከሆነ ጭራሹን ላይሰጥሽ ይችላል፤ ይህን በእርግዝና ክትትል ጊዜ አሁኑኑ ጠይቂ።

አንደኛዋ ከስምንት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ «አልወስድም» ብዬ ነበር። አዋላጅ ነኝ፣ ስንቱን አዋልጄ! በአስራ ስድስተኛው ሰዓት ባለቤቴን «ጥራልኝ» አልኩት። ተደረገልኝ። ግራ ጎኔ ደነዘዘ፣ ቀኝ ጎኔ እንዳለ ነው። ግማሽ ሰውነቴ አርፎ ግማሹ ያምጣል። ለነርሷ ነገርኳት። በጎኔ አስተኛችኝ፣ ሐኪሙ መጥቶ ቱቦውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበው፣ መድኃኒት ጨመረ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ተኛሁ! ስነቃ የማህፀን በሬ ተከፍቶ አልቋል። ያ እንቅልፍ ባይኖር ለማማጥ አቅም አልነበረኝም። ሁለተኛዋ ልጄ ደግሞ ሻወር ውስጥ እያለሁ ነው የደረሰችው፣ ለምንም ጊዜ አልነበረም። የሁለቱንም ልደት እኩል እወደዋለሁ።

«ስንት ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ልጠብቅ?» ትላላችሁ። ምጡ መጀመሩ ከተረጋገጠና ከፈለግሽው ቁጥር መጠበቅ የለብሽም። ቀድሞ መውሰድ ኦፕራሲዮን አያበዛም። የሚቸግረው ሲዘገይ ነው፤ የልጁ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ቁጭ በይ ማለት አይቻልም። ደግሞም የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ የእናቲቱ ጥያቄ ብቻውን በቂ የሕክምና ምክንያት ነው ይላል። ሌላ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብሽም።

አገር ቤት ለመውለድ የምታስቡም አላችሁ። እዚያ ኤፒዱራል የሚገኘው በጥቂት ቦታ ነው። አስቀድማችሁ ሆስፒታሉን ጠይቁ፤ ሌሊትስ ማደንዘዣ ባለሙያ አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

ሦስተኛው ነጥብ። እንዴት እንጠይቅ?

አንድ ምሽት ሥራ ስገባ አንዲት የእኛ ሴት አለች። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ባሏ ነው የሚያስተረጉመው። እሷ በአማርኛ «አልቻልኩም፣ መርፌውን ይስጡኝ በላቸው» ትላለች። እሱ በእንግሊዝኛ ለሐኪሙ «ደህና ናት፣ በተፈጥሮ መውለድ ነው የምትፈልገው» ይላል። በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም ሰማሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ በስልክ «ያ መርፌ ሽባ ያደርጋል» ብለውታል። ሚስቱን የሚያድናት መስሎት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትጠይቅ ማንም አልሰማትም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ነጻ ነው። በስልክም፣ በስክሪንም ይመጣል። እንግሊዝኛ የምትችሉም ጠይቁ፤ ምጥ ሲጠና እንግሊዝኛው ይጠፋል፣ የሚወጣው «ኧረ እናቴ» ነው። ባል ባል ይሁን፣ እጅ ይያዝ።

እኛ ደግሞ ችግራችን ዝምታ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። ነርሷ ሕመምሽ ከአስር ስንት ነው ስትል፣ ጥርሷን ነክሳ «ሦስት» የምትል አበሻ ስንት አይቻለሁ! ዝም ያለች ሴት ያላመማት ትመስላቸዋለች። እኔ ገጠር እያለሁ የዚያችን ልጅ ዝምታ ደህንነት አድርጌ እንደተረጎምኩት ነው። ዘጠኝ ከሆነ ዘጠኝ በሉ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ሒሳብ ለብቻው ሊመጣ ይችላል። ሆስፒታሉ ኢንሹራንሳችሁን የሚቀበል ከሆነና ማደንዘዣ ሐኪሙ የማይቀበል ቢሆን፣ ከጥር 2022 ጀምሮ የጸና ሕግ ከዚያ ድንገተኛ ሒሳብ ይጠብቃችኋል። ቢል ሲመጣ ደንግጣችሁ አትክፈሉ፣ መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ።

ምርጫችሁን በወረቀት ጻፉት፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ማን አብሮሽ ይሁን? መጀመሪያ ምን ልሞክር? ምን አልፈልግም? ሐሳቤን ብለውጥስ? ብትለውጪ ለውጪ። አልወስድም ብለሽ ብትወስጂ፣ እወስዳለሁ ብለሽ ብትተዪ፣ ማንም ጠያቂሽ አይደለም። እናቶቼ፣ እናንተም አራስ ስትጠይቁ «በምን ወለድሽ፣ መርፌ ወሰድሽ ወይ» አትበሏት። ገንፎውን ይዛችሁ ግቡ።

በሉ ተነሱ። በምጥ ጊዜ የወገብ ሕመምን የሚያቀል ግፊት እንለማመድ። ወንዶች በሙሉ ተነሱ፣ የመጣችሁበት ምክንያት ይህ ነው። እህቶች ወንበሩን አዙሩና መደገፊያውን ታቅፋችሁ ተቀመጡ። ወንዶች ከኋላ ተንበርከኩ። መቀነት ከሚታሰርበት በታች፣ መቀመጫ ከመጀመሩ በላይ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ አጥንት አለ። አገኛችሁት? የመዳፋችሁን ሥር እዚያ ላይ አሳርፉ። ጣት አይደለም፣ የመዳፍ ሥር። አሁን ምጥ መጣ እንበል። በክንድ ሳይሆን በሰውነት ክብደት ወደ ፊት ግፉ። አትሹት፣ ግፉና ያዙት። አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ጠይቋት፤ ከፍ ላድርግ፣ ዝቅ ላድርግ፣ ይበቃል? እሷ እስክትላችሁ አትልቀቁ።